ቅጂ የሌለው ወረቀት

የወረቀት ክምር አይቼ ስንት ቅጠል እንደሆነ መናገር እችላለሁ። ገበሬ አውድማው ላይ ያለውን አይቶ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል እንደሚለው ሁሉ፣ እኔም ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ስላሳለፍሁ ዓይኔ ተገርቷል። ካርቶኑን ከፍቼ፣ የወረቀቱን ጠርዝ በአውራ ጣቴ አንድ ጊዜ ጠረግ አድርጌ ቁጥሩን እናገራለሁ፤ ተቆጥሮ ሲታይም ብዙ አልስትም። ይህ ችሎታ በባልደረቦቼ ዘንድ አስከብሮኛል፣ በአለቆቼም ዘንድ አስወድዶኛል። የምናዘዘው ስለዚሁ ችሎታ ነው። የከሰሰኝ ሰው የለም፣ የጠየቀኝም የለም፤ ነፍሴ ግን ስትጠይቀኝ ቆይታለች።

መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራውም። ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ እስኪገባ፣ ከዚያም ወደ ሊማሊሞ አፋፍ በሚዘልቀው ደጋ ካሉት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ነው። በእጄ የሚያልፈው ወረቀት አብዛኛው የመሬት ነው። በዚህ አገር ሰው ተጣልቶ ቢታረቅ፣ አግብቶ ቢፈታ፣ ወልዶ ቢያወርስ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ መሬት ላይ ያርፋል፤ መሬት ላይ ያረፈውም ወረቀት ይሆናል። በክልላችን በ1989 የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። በ1992 የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 46 ወጣ። ከ1995 ጀምሮ ይዞታ በመዝገብ መስፈር ጀመረ፤ ከዚያ አዋጅ 133/1998፣ ከዚያም አዋጅ 252/2009 ተከተሉ። አዋጅ በወጣ ቁጥር መዝገብ ቤት መደርደሪያ ይጠብበታል።

ለገበሬው የተሰጠው አረንጓዴው ደብተር ነው። በውስጡ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ የእያንዳንዱ ማሳ ስፋት፣ በአራቱም አቅጣጫ የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ሰፍሯል። ሴት ፎቶዋ ከባሏ ጎን ሆኖ በመሬት ደብተር ላይ ሲወጣ ለብዙ ቤት የመጀመሪያው ነበር፤ ይህን ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። የደብተሩ አቻ የሆነው ባሕር መዝገብ በመሥሪያ ቤቱ ይቀመጣል። በደብተሩና በባሕር መዝገቡ መካከል ደግሞ ሌላው ሁሉ አለ፦ ማመልከቻው፣ የስጦታ ውሉ፣ የውርስ ማስረጃው፣ የኪራይ ውሉ፣ የድንበር ክርክሩ፣ የሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ግልባጭ። ካርቶን የሚሞላው ይኸኛው ነው።

ስሌቱን ልናገር፤ ኃጢአቴ የተሸሸገው በውስጡ ነውና። አንድ እሽግ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 500 ቅጠል ይይዛል፣ ውፍረቱም አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ሳንቲ ሜትር መቶ ቅጠል ይገባል ማለት ነው። አምስት እሽግ ያለው ካርቶን 2,500 ቅጠል ይሆናል። ኤ ፎር ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው ዓይነት ከሆነ አንዱ ቅጠል አምስት ግራም ይደርሳል። ካርቶኑ ሲሞላ 12 ኪሎ ተኩል ነው። ይህ ግን ከፋብሪካ እንደታሸገ የመጣ ወረቀት ሒሳብ ነው።

የሰው እጅ የነካው ወረቀት ሌላ ነው። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ተጽፎ፣ በአራት ታጥፎ፣ በጋቢ ሥር ተይዞ ግማሽ ቀን የተጓዘ ማመልከቻ እጥፋቱ መቼም አይተኛም። ጥጉ በስቴፕለር ተመቷል፤ አሥሩ ሲደራረብ በሽቦው በኩል ያብጣል፣ በሌላው በኩል ይሳሳል። ጉርድ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት አለ። የማኅደሩ ካርቶን ሽፋን ራሱ የብዙ ቅጠል ቦታ ይበላል። ክረምት ሲገባና ጉሙ ከሰሜን ተራራ ወርዶ ደባርቅን ሲሸፍናት፣ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ይወፍራል፤ በነሐሴ ጢም ብሎ የሞላ ካርቶን በጥር ላላ ብሎ ይገኛል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ያገለገለ ወረቀት በአንድ ሳንቲ ሜትር መቶ ሳይሆን ስልሳ ወይም ሰባ ብቻ ነው የሚገባው። በታይፕ ዘመን በካርቦን የተባዛው ስስ ቅጂ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አንድ ካርቶን ከታሰበው እጥፍ ሊይዝ ይችላል። እኔ እነዚህን ሁሉ አውቃለሁ። ማስመሪያ ከከዳኝ በእህል ሚዛን እመዝናለሁ፤ እጥፋት ማስመሪያን እንጂ ሚዛንን አያታልልም። የሽፋኑን ክብደት ቀንሼ፣ ለእርጥበቱ ትንሽ ትቼ፣ ቀሪውን ለአምስት ግራም አካፍላለሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ እውነተኛ ውበት አለ። ማንም ያላስተማረኝን ነገር በራሴ አግኝቼው ነበርና ወደድሁት።

ፍቅሬ ጥፋት የሆነበትን ቀን መለየት አልችልም፤ ቀስ እያለ ነው የመጣው። የሩብ ዓመት ሪፖርት ቁጥር ይፈልጋል። መደርደሪያ እንዲገዛልን ስንጠይቅ ቁጥር ያስፈልጋል። አሮጌው ሰሜን ጎንደር ዞን ተከፍሎ ደባርቅ የዞን ከተማ በሆነች ጊዜ፣ የትኛው ሰነድ ወደየት ይሂድ ሲባልም የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ካርቶን ነው የሚል ነበር። በዓለም ላይ ያሉ የቤተ መዛግብት ሰዎችም ሀብታቸውን የሚናገሩት በሜትር ነው፤ የምሥራቅ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት ትቶት የሄደው ፋይል ተደርድሮ ሲለካ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል ይባላል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ርዝመቱ ነው ያስደነቀኝ። ከዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ አንድ ሰው የራሱን ፋይል ብቻ ሊያነብ እየጠየቀ መግባቱ፣ ለዚያም ሕግ መውጣቱ፣ ያን ጊዜ ልቤን አልነካውም። ዛሬ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው።

አንድ ገበሬ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ መሬቴ ቀነሰ ብለው መጡ። ነገሩ ይገባኝ ነበር። የመጀመሪያው ምዝገባ ሲካሄድ ማሳው በገመድ ተለክቷል፤ ገመዱ የተዘረጋው በተዳፋቱ ላይ ነው። ሁለተኛው ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ስለሆነ ከላይ የሚታየውን ጠፍጣፋ ስፋት ብቻ ይይዛል። ሠላሳ ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ በገመድ መቶ ሜትር የሆነው፣ ከላይ ሲታይ 87 ሜትር አይሞላም። ይህን በወረቀት ሥዬ አስረዳኋቸው፤ ማስረዳቴም ትክክል ነበር። አዳመጡኝና፣ «እኔ የማርሰው ተዳፋቱን ነው» አሉ። ተጨማሪ ነገር አልተናገሩም። አቤቱታቸውን ማኅደር ውስጥ አስገባሁትና ከሌሎቹ ጋር አሰርሁት። ያን ዕለት የተሰማኝ እርካታ ነበር፤ አንድ ሰው ግራ ገብቶት መጥቶ፣ ግራ እንደገባው ሲመለስ እያየሁ እርካታ ተሰማኝ፤ ሒሳቡ ልክ ነበርና። ሒሳቡ ልክ መሆኑ ሰውየውን ከማየት አሳረፈኝ። ይህን ስል ለራሴ ማዘኔ አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ ስለነበረ ነው።

ሌላዋ እናት ናቸው። ባላቸው ሞተው፣ የባል ወንድሞች አንዱን ማሳ የእኛ ነው ብለው የተነሡባቸው። አረንጓዴው ደብተር በእጃቸው ነበር፤ ያ ማሳ ግን ከምዝገባው በኋላ ከአባታቸው የደረሳቸው ስለሆነ በደብተሩ ላይ አልሰፈረም። ማስረጃው የሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ ብቻ ነበር፤ እሱም እኛ ዘንድ ገብቷል። ደጋግመው መጡ። በመጨረሻ እኔ፣ «እማማ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ እኮ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ቅጠል ነው ያለው፤ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ መሰለዎት?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ስንት ወረቀት እንዳለህ አልጠየቅሁህም። የእኔ አለ ወይ ነው ያልሁህ» አሉ።

ቃለ ጉባኤው በኋላ ተገኘ። ያገኘችው አዲስ የተቀጠረች ልጅ ናት፤ ማኅደሮቹን አንድ በአንድ ዘርግታ፣ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ስም እያነበበች ፈለገችው። እኔ በዚያ ሰሞን ልጅቱ ጊዜዋን አባከነች ብዬ አስብ ነበር። እንዲህ ማሰቤን ለማንም አልተናገርሁም፤ በልቤ ግን አስቤዋለሁ።

ከሁሉ የከበደኝን አሁን እናገራለሁ። ነሐሴ 2013፣ የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀለው ሰው ደባርቅን ሞልቷት ነበር። ውጊያው ዳባት ወረዳ ጭና ደርሶ፣ እዚያ ሲቪሎች ተገድለው፣ ሰው ሁሉ ሌሊቱን ጆሮውን አቁሞ የሚያድርበት ጊዜ። ነገሩ ከባሰ ሰነዱ እንዴት ይወጣል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ስንት መኪና ይበቃል ተባልሁ። ወዲያው መለስሁ፦ ሁለት መቶ ሺህ ቅጠል በአምስት ግራም አንድ ቶን ነው፤ ክብደቱን አንድ አይሱዙ ይችለዋል። አይሱዙ ካልተገኘና ፒክ አፕ ከሆነ ግን መምረጥ ግድ ነው። እኔም ቅደም ተከተሉን አወጣሁ። መጀመሪያ ባሕር መዝገቦቹ፤ የተጠረዙ ስለሆኑ ሲደረደሩ ክፍተት አይተዉም። ቀጥሎ ቁጥር የተሰጣቸው ቦክስ ፋይሎች። በመጨረሻ፣ ቦታ ከተረፈ፣ በጥጉ በማዳበሪያ የተቀመጡት ልቅ ማኅደሮች። እነዚህ ቅርጽ የላቸውም፤ አይደረደሩም፤ ምን ያህል እንደሚይዙም በትክክል አይታወቅም። ክርክሮቹ፣ አቤቱታዎቹ፣ ቃለ ጉባኤዎቹ ያሉት በእነሱ ውስጥ ነው። ማንም አልተቃወመኝም። እንዲያውም በዚያ ፍርሃት መካከል ነገሩን በልክ የያዘ ሰው መገኘቱ ሁሉንም ደስ አሰኘ። እኔም ደስ አለኝ፤ አገር እየተጨነቀ እኔ ስሌቴ ስለ ሠራልኝ ደስ አለኝ።

ደባርቅ አልተያዘችም፤ አንድም ካርቶን ከቦታው አልተነሣም። በወሎና በዋግ ኽምራ ግን ብዙ መሥሪያ ቤት ሰነዱን አጣ። ያን ስሰማ የእኛን ጥግ አሰብሁ። ተፈትኜ አልወደቅሁም ልል እችል ነበር፤ ፈተናው ሳይመጣ ቀርቷል እንጂ መልሴን አስቀድሜ ሰጥቼ ነበር።

ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። ረዥም ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡኝ፤ ከዚያ፣ «ጥሎ መሄድ ቢመጣ የማንን ወረቀት ነበር የምትተወው?» አሉኝ። በጥጉ ያለው ሰባት ሺህ ቅጠል እንደሚሆን አውቅ ነበር። አንድ ስም ግን አልመጣልኝም። የእኒያ እናት ስም እንኳ አልመጣልኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን እንደ ሙያተኛ ያሰብሁት፤ ማሰብ ከነበረብኝ ብዙ ዘግይቼ። ባሕር መዝገቡ ቢጠፋ ከባድ ጉዳት ነው፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ይዞታ ዋና ነገር በገበሬው ቤት በአረንጓዴው ደብተር ላይ አለ፣ ሁለተኛ ደረጃ የተለካውም ካርታ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። አንዱ ለሌላው ቅጂ ነው። ልቁ ማኅደር ግን ቅጂ የለውም። በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል አንድ ጊዜ ነው የተጻፈው፤ ከሽማግሌዎቹም ስንቶቹ አርፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መጫን የነበረበት እኔ መጨረሻ ያደረግሁት ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አላነሰኝም። የመንግሥት መዛግብት ይጠበቁ ዘንድ አዋጅ ቁጥር 179 የወጣው በ1991 ነው፤ አንብቤዋለሁ፣ በስብሰባም ስጠቅሰው ኖሬአለሁ። ያነሰኝ ሌላ ነው። ለመደርደር የሚመቸኝን ወደድሁ፤ የማይመቸኝ ሰውም ሆነ ወረቀት ወደ ጥግ ሄደ።

መቁጠር በራሱ ክፉ ነው ወደማለት እንዳልሄድ የከለከለኝ ዳባት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ወረዳ ከ1989 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ያካሂዳል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ሄደ ይመዘግባሉ። ሰው ሲሞትም ቤተሰቡን ቀርበው፣ ሟቹ ምን አመመው፣ ሕመሙ እንዴት ጀመረ፣ ስንት ጊዜ ቆየ ብለው ይጠይቃሉ፤ ሐኪም ሳያየው ያረፈ ሰው ምን እንደ ገደለው የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ያ ሥራ ከእኔ ሥራ የበለጠ ቁጥር ያለበት ነው። ቁጥሩ ግን ከቤት ጋር፣ ከሰው ጋር ታስሯል፤ ከድምሩ ተነሥቶ ወደ አንዷ እናት፣ ወደ አንዱ ሕፃን መመለስ ይቻላል። ከእኔ ሁለት መቶ ሺህ ግን ወደ ማንም የሚወስድ መንገድ አልነበረም፤ የወረቀት ቁጥር ብቻ ነበር።

በ2008 ከግጭ መንደር ወጥተው ደባርቅ የሰፈሩትን ሰዎች በከተማችን መንገድ ላይ ሳያቸው ይህን አስባለሁ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ለዋልያው ይስፋ ተብሎ አባቶቻቸው ያረሱትን ትተው መጥተዋል። መሬቱ ከእጁ ለወጣ ሰው በስሙ የተጻፈ ወረቀት ምን እንደሆነ በቅጠል የሚሰላ አይደለም።

አሁን የምሠራው ይህ ነው። የጥጉን ማዳበሪያዎች አንድ በአንድ እፈታለሁ። ማኅደሩን እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ የአመልካቹን ስም፣ የተከራካሪውን ስም፣ ቀበሌውን፣ የማሳውን መጠሪያና አዋሳኞቹን በማውጫ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ሴት ከሆነች በባሏ ስም ሥር አልጽፋትም፤ በራሷ ስም፣ በራሷ መስመር ትገባለች፣ የሚፈልጋት ሰው በራሷ ስም እንዲያገኛት። ቃለ ጉባኤ ሲሆን ደግሞ በቦታው የነበሩትን ሽማግሌዎች ስም እጨምራለሁ፤ ከመካከላቸው በሕይወት ያለ ካለ ቃሉን ሊደግመው ይችላልና። የተዳፋቱ ባለቤት አቤቱታ ወጥቶ እንደገና እንዲታይለት ማስታወሻ ጽፌ አቅርቤአለሁ፤ ምን እንደሚወሰን በእኔ እጅ አይደለም። ወረቀቶቹን በስልክ ፎቶ አንሥተን ቅጂ እንያዝ ያለችው ያቺው ልጅ ናት፤ እሷ ታነሣለች፣ እኔ ስሙን እየጠራሁ አጽፋታለሁ። የመጫኛውን ቅደም ተከተልም እንደገና አውጥቼ፣ ምክንያቱን ከሥሩ ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጥቻለሁ፦ ቅጂ የሌለው መጀመሪያ።

ሥራው አዝጋሚ ነው። በአንድ ቀን የማነበው፣ ድሮ በአንድ እይታ ከምገምተው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ካርቶን ሳይ ቁጥሩ ዛሬም ቀድሞ ይመጣብኛል፤ ይምጣ፤ ግን አልጽፈውም። ካነበብኋቸው ሰዎች አንዳንዶቹን በገበያ ቀን አገኛቸዋለሁ፤ ጉዳያቸው የት እንደ ደረሰ ሲጠይቁኝ ማኅደሩ የትኛው ካርቶን ውስጥ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። እኒያን እናት ግን ካየኋቸው ቆየሁ፤ ስማቸውን አውቄዋለሁ፣ ቀበሌያቸውንም አውቄዋለሁ፣ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤአለሁ። ከጥጉ ክምር ገና ብዙ ይቀራል። ጡረታዬ ሳይደርስ ልጨርሰው እፈልጋለሁ፤ ካልጨረስሁትም ልጅቱ የት ላይ እንዳቆምሁ ታውቃለች።